የዛፍ ባለቤትና የዛፍ ባለአደራ

ሰው በገዛ እጁ የተከለውን ዛፍ እንደ ወደደ ሊያደርገው ይችላልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በመረመሩት መጠን ጥልቀቱ እየተገለጠ የሚሄድ ነው። «የራሴን ብቈርጥ ማን ይጠይቀኛል?» የሚል ሰው በአንድ በኩል እውነት አለው፤ ጕድጓዱን የቈፈረ፣ ችግኙን የተሸከመ፣ ከከብትም የጠበቀ እርሱ ነውና። በሌላ በኩል ግን ዝናሙን እርሱ አላዘነመም፤ አፈሩን እርሱ አልፈጠረም፤ ከዛፉ ሥር የሚፈልቀውንም ምንጭ እርሱ አላፈለቀም። እንግዲህ የእርሱ በሆነውና የእርሱ ባልሆነው መካከል ያለው ወሰን የት ላይ ነው? በዚህ ጽሑፋችን ይህን ነገር እንደ ዐቅማችን ልንመረምረው ወደናል።

ለመጻፍ ያነሣሣን በአንድ የሰንበቴ ጉባኤ ላይ የሰማነው የሁለት ወንድማማቾች ክርክር ነው። አባታቸው ሲያርፍ ያወረሳቸው ከምንጭ በላይ ያለ የባሕር ዛፍ ቦታ ነበረ፤ በምንጩም ዙሪያ ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የቆዩ ጥቂት ወይራዎችና አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበሩ። የእንጨት ነጋዴ መጥቶ ወይራውንም ዋንዛውንም ጨምረው ሁሉን ጠርገው ቢሰጡት ሙሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ እንደሚከፍላቸው ነገራቸው። ታላቁ ሊሸጥ ወደደ፤ ሴት ልጁ ታማበት ለሕክምናዋ ገንዘብ አጥቶ ነበርና። ታናሹ ግን «አባታችን ሁለታችንን ያሳደገን ከዚህ ቦታ እየቈረጠ ነው፤ እኛ በአንድ ቀን ብንጨርሰው ልጆቻችን ምን ይቈርጣሉ? ምንጩስ ቢደርቅ መንደሩ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ታላቁ እንባ እየተናነቀው «ምንጩ የሁሉ ነው፤ ሕመሙ ግን የእኔ ብቻ ነው» አለ። ማኅበርተኛው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ፍርዱንም ከእኛ ፈለጉ። እኛም ወዲያው መፍረድ ስላልቻልን ለሚቀጥለው ሰንበት ቀጠርናቸው።

በዚያ ሳምንት መጻሕፍቱን ስንመረምር አስቀድሞ ያገኘነው ስለ መሬት የተነገረው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ቍጥር 23 እግዚአብሔር ለእስራኤል መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ ሲያዝዝ ምክንያቱን አብሮ ሰጥቷል፤ ይኸውም መሬቱ የእርሱ እንደ ሆነ፣ ሰዎቹም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ነው። እንግዳ በተቀበለው ቤት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል፤ ነገር ግን ሲወጣ ምሰሶውን ነቅሎ አይሄድም። በአገራችንም ያለው የምድር ሕግ፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አካሄድ አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው ይላል፤ ሰው በጕልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ግን የራሱ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ገበሬው የዛፉ ጌታ ነው፤ የመሬቱ ግን ተጠቃሚ ነው። ሥሩ የሌላ በሆነው መሬት ውስጥ የተተከለ ዛፍ ባለቤት መሆን ማለት፣ አስተውለን ካየነው፣ ባለአደራ መሆን ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአበ ብዙኃን አብርሃም ሥራ ትዝ ይለናል። አብርሃም በቤርሳቤህ ስለ ውኃ ጕድጓድ ከአቤሜሌክ ጋር ቃል ኪዳን ካደረገ በኋላ በዚያ ስፍራ ዛፍ ተክሎ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ (ዘፍ. 21፥33)። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነበረ፤ በምድሪቱም መጻተኛ ነበረ እንጂ ለመቃብር የሚሆን ቦታ እንኳ ገና በገንዘቡ አልገዛም ነበር። ታዲያ ሽማግሌ የሆነ ሰው፣ ያውም በሰው አገር፣ ዛፍ የሚተክል ለምንድር ነው? ጥላው የሚደርሰው ለሌላ እንደ ሆነ እያወቀ አይደለምን? ሰው ለራሱ ብቻ የሚኖር ከሆነ ሽማግሌ መትከል የለበትም፤ አብርሃም ግን ተከለ። ይህም ገና ላልተወለዱት ሰዎች ዕዳ እንዳለብን የሚያስተምር ነው።

«ያልተወለደ ሰው እንዴት ባለ ዕዳ ሊያደርገኝ ይችላል? አላበደረኝም፤ አላወቀኝም» የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው። እኛ ዛሬ በጥላው የምንቀመጥበትን ዋርካ የተከሉት ወይም ያቆዩት ሰዎች አላወቁንም፤ እኛም ዋጋውን ለእነርሱ መክፈል አንችልም፤ ዐርፈዋልና። ለአበዳሪው ሊመለስ ያልቻለ ዕዳ ደግሞ የሚከፈለው ለሚቀጥለው ትውልድ ነው። አባት ለልጁ የሚያደርገውን ልጁ ለአባቱ ሳይሆን ለገዛ ልጁ እንደሚመልሰው፣ የዛፍም ነገር እንዲሁ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ዛፍ መቍረጥ ኀጢአት ነው» የሚል ትምህርት ቢያስተምር ያ ሰው ስቷል። ዛፍ የተፈጠረው ለሰው ጥቅም ነው፤ ቤተ መቅደሱም ታቦቱም የተሠሩት ከተቈረጠ ዛፍ ነው፤ መስቀሉም እንጨት ነው። የተከለከለው መጠቀም ሳይሆን ማጥፋት ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ቍጥር 19 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ በምሳር እንዳይቈርጥ ታዝዟል፤ በጦርነት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በሰላም ጊዜማ እንዴት አብልጦ አይሆንም? ከዚህም ይልቅ ለነገራችን የሚስማማው በምዕራፍ 22 ቍጥር 6 እና 7 የተጻፈው ነው። ሰው በመንገድ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ ጫጩቶቹን እንዲወስድ፣ እናቲቱን ግን እንዲለቅ ሕጉ ያዝዛል። ጫጩቱን መውሰድ አልተከለከለም፤ እናቲቱን መውሰድ ግን የነገውን ጎጆ ማፍረስ ነው።

ይህን ሕግ ገበሬዎቻችን ስሙን ሳይጠሩ ያውቁታል። ንብ የሚያነባ ሰው ማር ሲቈርጥ ለንቦቹ የሚሆን ስንቅ ትቶ ይቈርጣል፤ ሁሉን ቢወስድ ቀፎው ባዶ ይሆናል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው፤ በደንብ ከተቈረጠ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ከቍጥቋጦውም ጠንካራዎቹን ሁለት ወይም ሦስት መርጠው ሌላውን ቢያነሡለት ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ማገርና ወራጅ፣ ቋሚና አጣና ይሰጣል። ጕቶው እናት ነው፤ ቍጥቋጦው ጫጩት ነው። በሩቅ አገርም በጀርመን ሳክሶኒ ሐንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የተባለ የማዕድን ሹም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ከደን የሚቈረጠው ከሚበቅለው እንዳይበልጥ አስተምሯል፤ የማዕድኑ ምድጃዎች ደኑን እየፈጁት ነበርና። ከደኗ እኩሌታ ያህሉ በግለሰቦች እጅ የሆነው ስዊድንም እንደዚሁ በነርሱ አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የቈረጠ ባለቤት ሁሉ መልሶ ደን እንዲያበቅል አስገድዳለች። እነሆ ጥበቡ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው።

የአገራችንም ታሪክ ሁለቱንም መንገድ አሳይቶናል። አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ካቈዩአት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ፣ እርሱም ባሕር ዛፍ፣ ፈጥኖ መብቀሉ ነው። ኋላም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ የግል ደንም ከግል እጅ ወጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ ሕዝቡ በጋራ የተከለው ደን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመነጠረ። ይህ የሆነው ሰዎቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ደኑ የማን እንደ ሆነ፣ ነገም ማን እንደሚጠቀምበት ስላላወቁ ነው። ነገን የማያምን ሰው ዛሬን ይፈጃል።

ከዚህ ወዲህ ነገሩ እየተሻሻለ መጥቷል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እየተሰጠው ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065ም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ብሎ አራቱን የባለቤትነት ዐይነቶች ዐውቋል። ሕግ ይህን ያህል መንገድ ከጠረገ የቀረው የኅሊና ሥራ ነው፤ ኅሊናን ማስተማር ደግሞ የእኛ የካህናት ድርሻ ነው። አሁንም በአንዳንድ ስፍራ ገበሬ በማሳው ዳር የበቀለውን የዋንዛ ወይም የዝግባ ችግኝ «ካደገ በኋላ መቍረጥ እከለከላለሁ» ብሎ በለጋነቱ ይነቅለዋል። የሕጉ አሳብ ዛፉን ማዳን ሲሆን ፍርሃት ግን ዛፉን ይገድለዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከመውቀስ ይልቅ ለፈቃድ የሚጠየቀውን ነገር ማስረዳት፣ ለአስተዳዳሪዎችም ችግሩን መንገር ይሻላል።

በአዊ አገር፣ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ያለው ነገር ለብዙዎች ትምህርት የሚሆን ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ በየማሳቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘሩበታል፤ ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ሲደርስ ቈርጠው ከሰል ያወጡበታል፤ ከዚያም መሬቱን መልሰው ያርሱታል፤ እንደ ገናም ይተክሉታል። ዛፉ ከባቄላና ከአተር ወገን ስለ ሆነ አፈሩን ያለማል። በዚህ መንገድ በሌላው ስፍራ ደን ሲያንስ በዚያ በዝቷል፤ ድኻውም ቤቱን በቈርቈሮ ከድኗል፤ ልጁንም አስተምሯል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ጥቅማቸውን ዐይተው ተከሉ እንጂ። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዝገት የመሰለ በሽታ በዚሁ ዛፍ ላይ ወርዶ ብዙ ማሳ አደረቀ። ኑሮውን በአንድ ዐይነት ዛፍ ላይ ብቻ ያቆመ ሰው ያ ዛፍ ሲታመም አብሮ ይታመማል። እግዚአብሔር በፍጥረት መጀመሪያ ዛፉን ሁሉ እንደየወገኑ ማብቀሉ ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ስለ ሀገር በቀል ዛፎች የተነሣ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን አፏን ሞልታ የምትናገረው ነገር አላት። በደቡብ ጎንደር አገር ሜዳው ሁሉ እርሻ ሆኖ ሳለ ዛፍ ተሰብስቦ ከሩቅ የታየ እንደ ሆነ በዚያ ታቦት እንዳለ ይታወቃል። የደን ምሁሩ ዓለማየሁ ዋሴ በዚያ አገር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች መርምሮ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ባቀረበው ጥናት ከሌላው ስፍራ የጠፉ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው በእነዚህ ዐፀዶች ተጠብቀው እንደ ቈዩ አስረድቷል። ከዚያም ወዲህ ከብት እንዳይገባ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል፤ ከብት የማይረግጠው ዐፀድ ዘሩን ራሱ ያበቅላልና።

ይሁን እንጂ ስንመካ ራሳችንን እንዳንረሳ ያስፈልጋል። ከብዙ ዓመት በፊት በምናገለግልበት ደብር ሕንፃው ሲታደስ ለወጪው ይሆናል ተብሎ ከዐፀዱ አምስት ያረጁ ጽዶች ተቈረጡ። በምክሩ እኛም ነበርንበት፤ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ምን አለበት?» ብለን ድምፃችንን ሰጠን። ቈርቈሮው ተመታ፤ ሕዝቡም እልል አለ። በምትካቸው ችግኝ ተከልን፤ ነገር ግን ጠባቂ አላቆምንምና በዓመቱ ፍየል በላው። ዛሬ የምሕላ ቀን ሕዝቡ በፀሓይ ሲቆም ጥላው የት እንደ ሄደ እናውቃለን። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ከመምከራችን በፊት ጥፋታችንን ልናምን ስለሚገባን ነው። መልካም ለሆነ ነገር መቍረጥ ብቻውን ትክክል አያደርግም፤ የተተካው እስኪጸድቅ መጠበቅም የቍርጡ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። «ድኻው የነገን እያሰበ ዛሬ ይራብን?» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለጠገበ ሰው ትዕግሥትን ማስተማር ቀላል ነው። ልጁ የታመመችበት አባት ግን «የልጅ ልጅህን አስብ» ቢሉት በአልጋ ላይ ያለችውን ልጁን ያስባል፤ ማሰቡም በደል አይደለም። እንግዲህ ምን እንላለን? የዛፉ ጥቅም ሁለት ወገን ነው። እንጨቱ የባለቤቱ ነው፤ ሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል። ምንጩ፣ ጥላው፣ የአፈሩ አለመሸርሸር ግን የጎረቤቱም ነው፤ ስለ እርሱ ማንም ገንዘብ አልከፈለም። ጎረቤት ሁሉ በነጻ የሚጠጣውን ውኃ ለመጠበቅ አንዱ ድኻ ብቻ ዋጋውን እንዲከፍል ማድረግ ፍርድ አይደለም። ጥቅሙ የጋራ ከሆነ ሸክሙም የጋራ ሊሆን ይገባል። ባለ ዛፉን «አትቍረጥ» የሚል አፍ ሁሉ «እኔስ ምን ላግዝህ?» የሚል እጅ ሊኖረው ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ምክራችን በሰው ገንዘብ መጽውቶ ጽድቅን እንደ መፈለግ ይሆናል።

በዚህ መሠረት ዛፍ ያለው ምእመን ሊያደርገው የሚገባው ብዙ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ዛፉ በአምስት ዓመት የሚደርስ ከሆነ ቦታውን በአምስት ክፍል ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ቢቈርጥ ገቢው ሳይቋረጥ ደኑም ሳያልቅ ይኖራል። ባሕር ዛፍን ውኃ የሚጠጣና አጠገቡ ያለውን አዝመራ የሚያቀጭጭ ስለ ሆነ ከምንጭና ከእርሻ ያርቀው፤ በምንጩና በገደሉ አፋፍ ግን ሀገር በቀሉን ይተው። ከየወገኑ ለዘር የሚሆን እናት ዛፍ ያቆይ። አንድ ዐይነት ብቻ አይትከል። ችግኙ እስኪጠና ከብት አያስገባበት። ሲናዘዝም ደኑ በየወራሹ ተቈራርሶ እንዳይጠፋ እንዴት በጋራ እንደሚጠበቅ አብሮ ይናገር።

ካህናት ደግሞ ከቃል አስቀድመን በራሳችን ይዞታ ላይ እንድናሳይ ይገባናል፤ የካህኑ ማሳ የተራቈተ ከሆነ ስብከቱም እንደ ማሳው ነው። ከዐፀዱ የሚረግፈውን የወይራና የጽድ ዘር ለቅመን ችግኝ አፍልተን ለምእመናን ብንሰጥ የተቀደሰው ደን ከቅጽሩ ወጥቶ በየገበሬው ማሳ ይባዛል። በተዝካር ቀንም ነዳያንን ከማብላት ጋር በሟቹ መታሰቢያ አንድ ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ ምግቡ ለአንድ ቀን ነው፤ ጥላው ግን ለብዙ ዘመን ነዳያንን ያስጠልላል።

ሁለቱ ወንድማማቾች በቀጠሮው ሰንበት መጡ። እኛም ፍርድ አልሰጠናቸውም፤ ይህንኑ ነገር በማኅበሩ ፊት አስረዳን እንጂ። ቦታው በአምስት ተከፈለ፤ ለቍርጥ የደረሱት ሁለቱ ክፍሎች ተሸጠው ገንዘቡ ስለ ልጅቱ ሕመም ሙሉ በሙሉ ለታላቁ ተሰጠ፤ ታናሹ ድርሻውን ለሚቀጥለው ዙር አቈየ። ወይራዎቹና ዋንዛው ከምንጩ ጋር ቀሩ። ነጋዴው የከፈለው አስቀድሞ ከተናገረው በጣም ያነሰ ስለ ነበረ ለሕክምናው አልበቃም። በዚያን ጊዜ አንዲት ባልቴት ተነሥተው «ውኃውን እኛም እንጠጣለን አይደለም?» ብለው ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው አኖሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው፤ የጐደለውም ሞላ። ልጅቱ ዛሬም ሕክምናዋን ትከታተላለች፤ እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልን። ከተቈረጡት ጕቶዎችም ቍጥቋጦው ወጥቶ ከሰው ጕልበት በላይ ሆኗል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የጠየቅነውን ጥያቄ እንዲህ ብለን እንመልሳለን፤ ሰው በተከለው ዛፍ ላይ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑም ፍሬውን እስከ መውሰድ ነው እንጂ ሥሩን እስከ ማጥፋት አይደርስም። ጎረቤቱም በዛፉ ጥቅም ላይ ድርሻ አለው፤ ድርሻውም ባለቤቱ በተቸገረ ጊዜ ሸክሙን እስከ መካፈል ይደርሳል። እግዚአብሔር አምላካችን ለባለቤቱ ልብን፣ ለጎረቤቱም እጅን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።